ብሎክ ሦስት ለምን አጠረ

ከመተማ ዮሐንስ እስከ አብርሃ ጅራ ድረስ ቀጥ ብሎ የቆመ ፎቅ ካያችሁ፣ ቆም ብላችሁ እጅ ንሡ፤ የእኔ እጅ አለበት። ይህን ቆላ ከሣርና ከቆርቆሮ አውጥቼ ወደ ሰማይ የሰቀልኩት እኔ ፎርማን ሙላው ነኝ። ንሥር እንኳ ወደ ሱዳን ሲሻገር የሚያርፈው እኔ ከሠራሁት ሕንፃ ጫፍ ላይ ነው።

አሁን ትንሽ ልቀንስ። በዚያ ሁሉ አገር ፎቅ የሚባለው በጣት የሚቆጠር ነው። ከጣቶቹ የእኔ ሦስት ናቸው። ከሦስቱም አንዱ ቁመቱ ከወንድሞቹ ያንሳል። ንሥር ያልኩትም እርግብ ነው።

ሥራውን ትቻለሁ። ጡረታ ያወጣኝ መንግሥት አይደለም፣ ጉልበቴ ነው። ሃምሳ ሳልሞላ ሁለቱም ጉልበቶቼ ተማክረው መልቀቂያ አስገቡ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ደረጃ ስሠራ ኖሬ፣ ዛሬ ሦስት ደረጃ ለመውጣት እንደ ጭነት መኪና ማርሽ እቀይራለሁ። ስለዚህ ሚስማር፣ ቀለምና የቧንቧ ዕቃ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሱቋም ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል ከሕንፃዎቹ ፊት ለፊት ናት። ጧት መዝጊያውን ስከፍት ሦስቱ ብሎኮች ቆመው ያዩኛል። አንድና ሁለት ባለ አራት ፎቅ ናቸው። ሦስተኛው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ቀይሮ ቁጭ ብሏል። ከጣሪያው ላይ ወደ ሰማይ የቀሩት ፌሮዎች በደንብ እንዳልተላጨ ፂም ቆመዋል።

እንግዳ ሰው ሱቄ ሲገባ ሚስማር ሳይጠይቅ እሱን ይጠይቃል። "ፎርማን፣ ያኛው ምነው አጠረ?" መልስ አጥቼ አላውቅም። ለአንዱ "ድንበሩ ማዶ ላሉት ለጋላባት ሰዎች የጧት ፀሐይ እንዳንከልልባቸው ነው፣ ጉርብትና ነው" እላለሁ። ለሌላው "ገና ልጅ ነው፣ ክረምት ሲገባ ይመዘዛል" እላለሁ። አንዱን የጎንደር ሾፌር "ሙቀቱ አቅልጦት ነው" ብዬው አምኖኝ ሄደ። ሚያዝያ ላይ ነበር የመጣው፣ አልፈርድበትም።

ትክክለኛውን መልስ ግን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ለካስ ቀልድም እንደ ጉልበት ያልቃል። ደክሞኛል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ወደዚህ ቆላ የወረድኩት ከጭልጋ ነው፤ ሳሉግ ሆኜ። ሳሉግ ማለት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርድ የወቅት ሠራተኛ ነው። ማጭድ ይዤ መጣሁ፣ ሰሊጡ ሲያልቅ ወደ ቤት መመለሻ አጥቼ አብደራፊ ላይ የሰሊጥ መጋዘን ሲሠራ ድንጋይ አቀባይ ሆንኩ። የዚያ ሥራ አለቃ ከመኪናው የማይወርድ ሰው ነበር። መስኮቱን ግማሽ ዝቅ አድርጎ "ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!" እያለ ግድግዳ ያቀናል። ቀኙ የሱ ይሁን የእኛ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። መጋዘኑ እስከ ዛሬ መኪና የሚጠብቅ ሰው ይመስል ወደ መንገዱ አዘንብሏል።

ከዚያ አብርሃ ጅራ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ደግሞ ሲሚንቶ ባነሰ ቁጥር "አሸዋም እኮ የሲሚንቶ ዘመድ ነው" የሚል ነበር። ደሞዙን አታንሱብኝ፤ እሱም ራሱ አንሥቶት አያውቅም። ከዚህ ሰው እጅ ያወጣኝ ጋሽ ይመር ነው። ነው ስል በሆዴ ነው፤ በአፌ ናቸው ነበር የምላቸው፣ አሁንም ናቸው ልበል።

ጋሽ ይመር ወሎዬ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቱንቢ የዋጡ ይመስል ቀጥ ያሉ። የግንባታው ዋና ሆነው የመጡ ዕለት እኔ ካራገፍኩት አሸዋ አጠገብ ቆመው፦

"ይህን አሸዋ ማን አመጣው?" አሉ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ቅመሰው።"

"ምን?"

"ቅመሰው እንጂ አቦ! ለሕንፃ የምታበላውን አንተ ካልቀመስከው ማን ይቀምስልሃል?"

ሰዎቹ እየሳቁብኝ ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ጨመርኩ።

"ጥርስህ ላይ ምን ቀረ?"

"ጭቃ።"

"ሕንፃውም ጥርስ አለው። መልስና አጥበህ አምጣ።"

አሸዋውን መልሼ ስጭን አስቀድሜ ስድብ አዘጋጅቼላቸው ነበር። ማታ ግን የራሴን ግድግዳ ሄጄ በጥፍሬ ስፍቀው ዱቄት ሆኖ ረገፈ። ስድቡን ዋጥኩት። ከዚያ ወዲያ እሳቸው በሄዱበት ሁሉ ተከተልኳቸው፤ ግንበኛ አደረጉኝ፣ ቆይተውም ፎርማን አደረጉኝ።

ጠባያቸው ብዙ ነው፤ እኔ ግን የሶሌታውን ብቻ ልንገራችሁ። ሶሌታ የምንለው በየፎቁ የሚጣለውን የአርማታ ወለል ነው። ጋሽ ይመር አዲስ የተጣለን ሶሌታ ስም አውጥተውለታል፤ አራስ ይሉታል። "ዛሬ ወልዳለች፣ ሰባት ቀን አራስ ናት። አራስ ብቻዋን ትተዋለች?" ይላሉ። አንዱ ተረበኛ "ጋሼ፣ አራስ እኮ ትራስጌዋ ብረት ይደረግላታል" ሲላቸው "የዚችኛዋ ሆዷ ውስጥ ነው" አሉት።

የቆላ ፀሐይ ሌባ ናት፤ አርማታው ሳይጠነክር ውሃውን ከውስጡ ትሰርቀዋለች። ውሃው ከተሰረቀ አርማታው መልኩ አርማታ፣ ጠባዩ ብስኩት ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ ይመር ሥራ የሚጀምሩት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ረፋዱ ላይ ሚክሰሩ ታጥቦ ይቀመጣል። ከዚያ አራሷን ያለብሷታል። ልብሷ ጆንያ ነው። አሮጌ የሰሊጥ ጆንያ ይለቅሙና ራሳቸው አጥበው፣ በየጥጉ በሰማያዊ ክር ሁለት ስፌት ይመቱበታል። መርፌውን ከኮታቸው አንገት ላይ ነቅለው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ሙሽራ እንደሚድር ሰው ተጠንቅቀው ነው የሚሰፉት።

"ጋሼ፣ ጆንያ ምን ጥልፍ ያስፈልገዋል?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ይህ አገር የሰሊጥ አገር ነው። ጥቅምት ሲመጣ ሰው የሚስቱንም ቀሚስ ሰፍቶ ሰሊጥ ይከትበታል። ሰማያዊ ክር ያለበት የአራስ ነው፣ አይነካም። ማንም ያውቀዋል።"

ጆንያው ሶሌታው ላይ ይነጠፋል፤ ጧት፣ ቀትርና ማታ ውሃ ይጠጣል። እሳቸው በባዶ እግራቸው እየረገጡ ያልራሰውን ቦታ በእግራቸው መዳፍ ያውቁታል። የእጃቸውን ጀርባ ከጆንያው ሥር ሰደው፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ጥቂት ይቆያሉ። "በርዷታል፣ ተመስገን" ይላሉ። ያን ጊዜ ማንም ሰው ቀልድ አይናገርም፤ እኔም እንኳ።

ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ የመተማ ነጋዴ አሉ፤ ሱቅም የሰሊጥ መጋዘንም አላቸው። ከተማው በሰው ተጨናነቀ፤ ሾፌሩ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ከወዲያ ማዶ ቤቱን ጥሎ የመጣው ሁሉ የሚከራየው ክፍል አጣ። ሐጂ ባዶ ቦታቸው ላይ ሦስት ብሎክ አፓርትመንት ሊሠሩ ተነሡ። ንድፉን የምትሠራው ቤዛ የምትባል ወጣት መሐንዲስ ከጎንደር መጣች። ጋሽ ይመር የግንባታው ዋና፣ እኔ ፎርማን ሆንን።

ቤዛ ወረቀቱን የሐጂ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ቆንጆ ነበር፤ ዛፍ እንኳ ነበረው። ጋሽ ይመር ለረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩና፦

"ልጄ፣ ሰው የሚተኛው የት ነው?" አሏት።

"ይኸው ጋሽ ይመር፣ መኝታ ቤት። ሁለት ሁለት አለው።"

"እሱስ የልብስ ነው። ሰው የት ይተኛል?"

ሐጂ ሳቁ። ቤዛ ግራ ገባት። መተማን የማያውቅ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት እዚህ ክፍል ውስጥ የሚተኛ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ሰው አንገረቡን፣ ያንን በጠፍር የተጠላለፈ አልጋ፣ ደጅ አውጥቶ ነው የሚያድረው። ቤዛ የሳለችው በረንዳ ደግሞ ሰው ቆሞ ስልክ የሚያወራበት ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ይመር የራሳቸውን አንገረብ ባጃጅ ጣሪያ ላይ አስረው ቦታው ድረስ መጡ። የቤዛን በረንዳ ልክ በኖራ መሬት ላይ አሠመሩ፣ አንገረቡን አስቀመጡ፣ ተጋደሙበት። ግማሹ ከኖራው ውጭ ቀረ።

"ይኸው ቤዛ፣ እግሬ ጎረቤት ቤት አደረ" አሉ ተጋድመው።

"እሺ፣ አሰፋዋለሁ" አለች እየሳቀች።

"ቆይ፣ ገና ነው። ይህ አንገረብ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ይወጣል። መታጠፊያው ላይ ይዞርልሻል?"

ደረጃውንም በኖራ አሠመሩ። ግድግዳ ስላልነበረ እኔን ግድግዳ አድርገው አቆሙኝ። በሕይወቴ ካቆምኩት ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለው እሱ ነው። ሁለት ሰዎች አንገረቡን ይዘው ሲያዞሩት እግሩ ቅልጥሜን መታኝና ግድግዳው ጮኸ። ቤዛ "ሠላሳ ሳንቲ እጨምራለሁ" ብላ ጻፈች። ዛሬ በብሎክ አንድና ሁለት በረንዳ ላይ ሰው አንገረቡን ዘርግቶ ሲተኛ ሳይ፣ ሠላሳዋ ሳንቲ በእኔ ቅልጥም የተገዛች መሆኗን ማንም አያውቅም።

ከዚያ ከዋልካው ጋር ትግል ገጠምን። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፣ በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠ ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይንጠራራል። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ቆፈርን፣ አውጥተን ጣልን፣ በቀይ ገረጋንቲ እየጠቀጠቅን ሞላን። ጋሽ ይመር ጉድጓድ ውስጥ ገብተው አፈሩን በመዳፋቸው እንደ ገመድ ይፈትሉታል፤ ሳይበጠስ ከረዘመላቸው "ገና ዋልካ ነው፣ ቆፍሩ" ይላሉ። የጉልበቴ መልቀቂያ ማመልከቻ የተጻፈው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

አንድና ሁለት ቆሙ። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ እየጠበቅን፣ ሲከፈት እየተሯሯጥን ቆሙ። ሐጂ ደስ አላቸው። ብሎክ ሦስት ሲጀመር ጋሽ ይመርን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንደ ልማዳቸው ዐረብኛ ቀላቅለው፦

"ያ ይመር፣ ከብሎክ ሦስት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በምሥራቅ በኩል ያለችው የጥግ ቤት የአንተ ናት። ኻላስ፣ አለቀ። ለሰው ቤት ስትሠራ ማርጀትህ ነው" አሏቸው።

ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሃያ ዓመት ሙሉ ቀን ቀን እንደ ምጣድ በሚግል የቆርቆሮ ቤት ነበር የኖሩት። እትዬ ዘይነባ ደግሞ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ነፋስ ካላገኙ አይተኙም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘይነባ ምሳ ይዘው ሲመጡ ጥላቸውን አጥፈው ቀና ይላሉ። ብሎኩ ገና አንደኛ ፎቅ ነበር።

"ቤቴ የት ናት?"

ጋሽ ይመር ወደ ባዶው አየር በጣታቸው ያመለክታሉ። "ያችውልሽ። ዝቅ በይ፣ ያ ጭልፊት የሚያንዣብብበት የጎረቤት ነው። ትንሽ ወደ ግራ።"

"በረንዳዋስ?"

"ወደ ጎንደር ተራራ ነው። ነፋሱ በዚያ ነው የሚመጣው።"

"ዛሬስ አየኋት" ይሉና ምሳውን ያቀርባሉ። እኔ ያን ባዶ አየር አብሬ አይ ነበር። እውነቴን ነው፣ ቆይቶ ቆይቶ ለእኔም ትታየኝ ጀመር፤ መጋረጃዋ ሳይቀር።

ጥቅምት ገባ። የብሎክ ሦስት ሦስተኛ ፎቅ የሚቆምበት ሶሌታ ሊጣል አርማታው የሚፈስበት ጣውላ፣ ካሳፎርማው ተመታ፣ ፌሮው ታሰረ። ጥቅምት ግን እዚህ አገር የሰሊጥ ወር ነው። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፤ ታጭዶ ሂላ በሚባል የነዶ ክምር ቆሞ ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል፣ ያን ቀን ካላራገፍከው ነፋስ ያራግፈዋል። የእኛ የቀን ሠራተኞችም ማጭዳቸውን መሳል ጀመሩ። ጋሽ ይመርን ደግሞ በዚያው ሳምንት ወባ ጣላቸው። አንገረባቸው ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ሥር እየተንቀጠቀጡ ጠሩኝ።

"ሙላው፣ ሰዎቹ ሳይበተኑ ሶሌታዋን ጣላት። ጎህ ሲቀድ ጀምር፣ ረፋዱ ላይ ጨርስ። ውሃ አትጨምር። አልብሳት። ሰባት ቀን ናት።"

"ጋሼ፣ እኔ እያለሁ?"

"አንተ ስላለህ ነው እኮ የምነግርህ" አሉ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ። ሣቅሁ።

በዕለቱ ሚክሰሩ አልነሣም አለ። አንዴ ሞተሩ፣ አንዴ ቀበቶው። የጀመርነው ረፋዱ ላይ ነው፣ ልናቆም በሚገባን ሰዓት። ማቆም ነበረብኝ። ግን በማግስቱ የሚመጣው ሰው ግማሽ እንደሚሆን አውቅ ነበርና "በሉ እንጂ ወንዶች!" ብዬ አስጀመርኩ። ቀትር ላይ አርማታው ከመድረሱ መድረቅ ጀመረ፤ አካፋ አልቀበል አለ። ውሃ አስጨመርኩ። እንዲህ አድርጌ ስጨርስ ሶሌታው እንደ መስታወት ልስልስ ብሎ አማረ። ጋሽ ይመር ቢያዩት ኖሮ ማማሩን ነበር የሚጠረጥሩት።

ጆንያውን አለበስናት፣ ውሃ አጠጣናት። ማታ ሄጄ ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው።

"አራሷ እንዴት ናት?"

"ጠግባ ተኝታለች ጋሼ።"

በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የቀን ሠራተኛው በሙሉ በትራክተር ተጎታች ላይ ተጭኖ ወደ እርሻ ሄደ። እኔም ከከተማ ወጣ ብሎ ከባለቤቴ ወንድም ጋር በእኩል የዘራሁት ትንሽ ሰሊጥ ነበረኝ። እሱ ደወለ፦ "ሙላው፣ ሂላው አፉን ከፈተ! ዛሬ ካልመጣህ የዘራነው ለአይጥ ነው!" ሄድኩ። ሦስት ቀን ቀረሁ። በሦስቱም ማታ ከሰሊጡ መካከል ቆሜ ለጋሽ ይመር ደወልኩላቸው።

"አራሷስ?"

"ደህና ናት ጋሼ። አሁን አጠጥቻት መጣሁ።"

"እጅህን ከጆንያው ሥር ሰደህ አየሃት?"

"በርዷታል ጋሼ።"

ስመለስ ሶሌታዋ በክረምት የጠገበ፣ በበጋ ውሃ የከዳው ዋልካ መስላ ተሰነጣጥቃ ጠበቀችኝ። አንዱ ስንጥቅ ውስጥ የሱቄን ቁልፍ የሚያህል ነገር ይገባል። ጆንያ የሚባል ላይዋ ላይ አልነበረም። ቤዛ ከጎንደር መመርመሪያ መዶሻ የያዙ ሰዎች ይዛ ደረሰች። በየቦታው እያስቀመጡ ደቅ ደቅ አደረጉ፣ ጻፉ፣ ተያዩ። ቤዛ ወደ እኔ ሳታይ መሰላሉን ወረደች።

ስብሰባው የሐጂ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጋሽ ይመር ከስተው፣ በጋቢ ተጠቅልለው፣ ሰው ደግፏቸው መጡ።

"ሶሌታውም አብረውት የተጣሉት አግዳሚ ተሸካሚዎቹም ተጎድተዋል" አለች ቤዛ። "ጣሪያ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል። ከዚህ በላይ ፎቅ መጫን ግን በሰው ሕይወት መጫወት ነው፤ እኔ አልፈርምም። ብሎኩ እዚህ ላይ ይቆማል።"

 ሁላችንም አንዲት የጥግ ቤት አየር ላይ ስትጠፋ እያየን ነበር።

"ጆንያው የት ሄደ?" አሉ ሐጂ ወደ እኔ ዞረው።

"ሳሉጎች ወስደውታል" አልኩ። "ሁለት የጎጃም ልጆች እዚያ አካባቢ ሲያንዣብቡ ነበር።"

ሐጂ ተቆጡ። "የት እርሻ ነው የሄዱት? አሁን ሰው እልካለሁ! ታስረው ይመጣሉ!"

ጋሽ ይመር ከጋቢው ውስጥ እጃቸውን አወጡ። "ልጆቹን አይንኩብኝ ሐጂ። ሶሌታዋን የተረከብኩት እኔ ነኝ። ተኝቼ አሳለፍኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ይመር፣ አንተ ወባ ነበረብህ እኮ!"

"አራስ የያዘ ሰው አይታመምም" አሉ። ድምፃቸው የደከመ ነበር እንጂ የተቆጣ አልነበረም። ሐጂ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሌላ ቤት ልስጥህ ብለው ለመኗቸው። "ያበላሸሁትን ቤት በሌላ ቤት አላስከፍልም" ብለው እምቢ አሉ። እኔ ጫማዬን እያየሁ ነበር።

ኅዳር ሳያልቅ ወደ ወሎ፣ ወደ እትዬ ዘይነባ ወንድም ቤት ተመለሱ። ዕቃ ስጭንላቸው እትዬ ዘይነባ ጥላቸውን አጥፈው እንደ ልማዳቸው ቀና አሉ። ጭልፊቱ እዚያው ነበር። ምንም አልጠየቁም፤ ጋሽ ይመርም ጣታቸውን አላነሡም። ከዚያ በኋላ እኔም ጥቂት ሥራ ሠራሁ፤ የሰው ወጥ ቤት፣ የትምህርት ቤት አጥር። ሶሌታ ግን ሁለተኛ አልጣልኩም። ሲጠይቁኝ "ጉልበቴ" እላለሁ። ጉልበቴ በእርግጥም ያመኛል፤ ግን ያኔ ገና አልጀመረኝም ነበር።

እንግዲህ ያልነገርኳችሁ አንድ ቀን ቀርቷል። ከስብሰባው በፊት ያለው ቀን ነው።

ሰሊጤን በትራክተር አምጥቼ ሐጂ መጋዘን አራግፌ ነበር። ጋሽ ይመር ትኩሳቱ በረድ ብሎላቸው፣ ፀሐይ ሊሞቁ መጋዘኑ በር ላይ ባለች አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ እኔ እዚያ እንዳሉ አላወቅኩም። መጋዘን ያዡ የናሙና መውጊያውን ጆንያው ውስጥ ሰክቶ ሲያወጣው፣ ከሰሊጡ ጋር ግራጫ ዱቄትና የአርማታ ቅርፊት ወጣ። ደግሞ ሌላውን ወጋ። ያውም ጆንያው ሳይደርቅ ተሞልቶ እርጥብ ነበር፤ ሰሊጡ ትኩስ ትኩስ ይሸታል።

"ፎርማን፣ ይህን ለግንብ ነው ወይስ ለዘይት ያመጣኸው?" አለኝ።

"ሁለቱንም ይችላል" አልኩት፤ ሳቅን።

ዞር ስል ጋሽ ይመር ከወንበሩ ተነሥተው ከመጨረሻው ጆንያ አጠገብ አጎንብሰዋል። ጥጉን ይዘው በአውራ ጣታቸው ያሹታል። ሰማያዊው ክር ሁለቱም ስፌት እንዳለ ነበር።

"ሙላው" አሉኝ።

"አቤት ጋሼ።"

"ክሩ አልተፈታም።"

 ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ በዚያው መጋዘን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አሉ። እኔም እሳቸው ሲሉ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬም ዝም ብያለሁ።

በዚያ ሳምንት በመተማ ገበያ ጆንያ ጠፍቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ወደ እርሻ ከመሄዴ በፊት፣ መሰላሉን ወጥቼ ከአራሷ ላይ ልብሷን አንድ በአንድ የገፈፍኩት እኔ ነኝ። የጎጃም ልጆቹ እዚያ አካባቢ ድርሽ አላሉም። ብሎክ ሦስት ያጠረው ለዚህ ነው። ሰሊጡም ሻግቶ ተደፋ።